የሰይድ ምራቂ

ሰይድዬ፣

ቀብርህን አላህ በኑር ይሙላልህ። አንተን ከሸኘን ወዲህ ሁለት የማሽላ አጨዳ አልፏል፤ የሆርማት ወንዝም ሁለት ክረምት ሞልቶ ሁለቴ ደርቋል። ሰው ሲያገኘኝ «ለመድሽው?» ይለኛል። ምኑን እንደምለምደው አላውቅም። ሥራ አይጠብቅምና እሠራለሁ።

ይህን የምጽፍልህ የዕለት ውሎዬን በማሰፍርበት ደብተር ላይ ነው። ሌላ ቀን እዚህ ላይ የምጽፈው የሽንኩርቱን ዋጋ፣ የመኪናውን መምጣትና መቅረት፣ ከዋጃና ከጎብዬ የሰማሁትን ወሬ ነው። ዛሬ ግን አልሆነልኝም። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ የተጠረገውን ሱቅ ደግሜ ጠረግሁ። መጋዘኑን ከፍቼ አየሁት፣ ዘጋሁት፣ ትንሽ ቆይቼ እንደገና ከፈትኩት። ምን ልፈልግበት እንደገባሁ ራሴም አላውቅም። አንተ ብትኖር «አንቺ ሴት፣ እግርሽ ላይ ጉንዳን ወጥቷል እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ነገሩን ልንገርህና ይውጣልኝ። ከወልድያ የመጣ አንድ ነጋዴ መጋዘንህን ልከራየው ብሏል። የውሃ መሳቢያ ሞተር ሊያከማችበት ነው፤ አሁን እኮ ሜዳው ግማሹ በጉድጓድ ውሃ ነው የሚለማው። ጨዋ ሰው ነው። «እትዬ ዘሃራ፣ ለመንገድ የቀረበ እንዲህ ያለ መጋዘን ቆቦ ላይ አላየሁም» ብሎ አሞገሰልኝ። ዕቃህን የሚያሞግስ ፈላጊ ቸኩሏል ማለት እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። ነገ ገበያ ነው፤ መልሴን ሊሰማ ይመጣል።

በዚያ በኩል ደግሞ ልጅህ ሐያት አለች። መጋዘኑን እሷም ትፈልገዋለች፤ የደረቀ ቲማቲም ልታስቀምጥበት። አዎ፣ ቲማቲም ነው ያልኩህ። ቆይ፣ እደርስበታለሁ። ላንዳቸው ከሰጠሁ ለሌላው የለም። ለሰውዬው ባከራየው ቤታችን ሳይጎድልበት ይከርማል፤ እኔም ከሽንኩርት ጆንያ ጋር መታገሌን እቀንሳለሁ። ለሐያት ብሰጣትና ሥራው ባይሆን ግን ኪራዩም ቀረ፣ ልጅቷም ወገቧ ተሰበረ። በሸቀጥ ላይ መወሰን አያቅተኝም። በሰው ላይ፣ ያውም በገዛ ልጄ ላይ መወሰን ነው ያቃተኝ።

ቤቱን ብታየው ብዙም አልተለወጠም። ኮፍያህ ከምስማሩ ላይ አልወረደም። የተከልካት ኒም ከአጥሩ በላይ ሆናለች፤ ባጃጅ ነጂዎች ጥላዋ ሥር ቆመው ሰው ሲጠብቁ ይውላሉ፤ ሲጨቃጨቁ ደግሞ እወጣና «እዚህ ጥላ እንጂ ችሎት የለም!» እላቸዋለሁ። ሱቁ ውስጥ ግን ጤፉን ወደ ኋላ ወስጄ ሽንኩርቱን ወደ በር አምጥቼዋለሁ። አዲስ ሚዛን ገዝቻለሁ፤ ቁጥሩ በመብራት የሚታይ። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ያንተው ይሻላል እያልኩ የድሮውን ጣሳ አነሳለሁ። ሰው አሁንም ጣሳውን ነው የሚወደው። ሚዛኑ ላይ ምራቂ የለማ።

ምራቂ ካነሳሁ አይቀር፣ ስለዚያ ጉዳይ ዕድሜ ልካችንን ስንከራከር ኖረን ሳንጨርሰው ሄድክ። በየገበያው ሁሉም ነጋዴ ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ እፍኝ ይጨምራል፤ ገዢም «መርቂልኝ» ይላል። ይህ ያንተ ፈጠራ አይደለም። ያንተ ፈጠራ ሌላ ነበር። ጣሳውን ሞልተህ በመዳፍህ ደልድለህ እጅህን ታጥፍና ዝም ትላለህ። ገዢው «መርቅልኝ እንጂ ሰይድ» ሲልህ፣ «መጀመሪያ አንተ መርቀኝ፣ ከዚያ እኔ እመርቅልሃለሁ» ትላለህ። ሰውዬውም እየሳቀ እጁን ይዘረጋል። «አላህ ይስጥህ፣ እጅህ አይንጠፍ፣ ልጅህ ትደግልህ» ይልሃል፤ አንተ «አሚን» ብለህ እፍኝህን ታፈስለታለህ። ምርቃት በምራቂ። ክርስቲያኑም በራሱ ቋንቋ «እግዜር ያክብርህ» ብሎ መርቆህ ድርሻውን ይወስዳል። ሽማግሌ የመጣ ቀንማ ወረፋው ቆሞ ይቀራል፤ ምርቃታቸው ረጅም ነው፤ አንተም እንደ ርዝመቱ ትጨምራለህ።

እኔ «እህሉን በዱዓ ጨረስከው» እልህ ነበር። አንተ ደግሞ «ዘሃራ፣ የመረቀኝ ሰው ሌላ ሱቅ ሊገባ እግሩ እንዴት እሺ ይለዋል?» ትለኛለህ። እስከ ዛሬ ያልገባኝ ነገር ይህ ነው፤ ከልብህ ነበር ወይስ ብልጠትህ ነበር? ምናልባት አንተ ዘንድ ሁለቱ አንድ ነበሩ። እኔ ዘንድ ግን ሁለት ናቸው። ስለዚህ ነው እኔ ጥሩ ገዢ የሆንኩት፣ አንተ ጥሩ ሻጭ የሆንከው። እውነቱን ልንገርህ፤ ለብቻህ ብትሆን ኖሮ ዱዓ ሞልቶህ ጆንያህ ባዶ ይሆን ነበር። እኔ ለብቻዬ ብሆን ደግሞ ጆንያው ሞልቶ በሩ ላይ ሰው አይቆምም ነበር።

ደንበኛ መጥታ አቋርጬ ነበር። ሽምብራ ወሰደች። ሙቀቱ ግንቦት መሆኑን አልረሳም፤ አስፋልቱ ላይ ውሃ የተኛ ይመስላል። የእጄ ላብ ወረቀቱን እያረጠበው ነው።

ወደ ሐያት ልመለስ። የተመረቀች ቀን አንተ የለበስከው ነጭ ጀለቢያ ትዝ ይልሃል? ለመጣ ለሄደው «ልጄን መረቁልኝ» ትል ነበር። ሰዉ ሲስቅብህ «ምን ያስቃል? መረቁልኝ ማለት ጨመሩልኝ ማለት አይደለም?» አልክ። እንግዲህ ከጨመሩልን በኋላ ልጅቷ ቤት ቁጭ አለች። ማስታወቂያ ስታነብ፣ ፈተና ስትፈተን፣ ስልክ ስትጠብቅ፤ አንተም ይህን እያየህ ነው የሄድከው። ካንተ በኋላ አንድ ቀን ሥራ ለሌላቸው ምሩቃን ሥልጠና አለ ተብላ ሄደች። ስትመለስ ዓይኗ በርቶ ነበር። አሠልጣኙ «ሥራ ፈጣሪ ከሁሉ በላይ ድፍረት ያስፈልገዋል» ብሏቸው ኖሯል።

ድፍረት! ደፋር ነጋዴ ስንቱን አይተናል፣ ሰይድዬ። የሁሉም ሱቅ ዛሬ የሌላ ሰው ሱቅ ነው። ሳይጠይቅ የሚገዛ፣ መንገዱ ተዘግቶ ሳለ መኪና የሚጭን፣ የጎረቤቱ ማሾ ስላተረፈ ብቻ ያለ የሌለውን ማሾ ላይ የሚያፈስ። ይህን ልነግራት ፈልጌ ፊቷን አይቼ ተውኩት።

ታዲያ ያን ጊዜ ቲማቲም ረክሶ በየመንገዱ ዳር እየተደፋ ነበር። ገበሬው ማጓጓዣው ከሚሸጠው ይበልጥበታል። ሐያት ያንን ስታይ «ይህ ሁሉ በሁለት ወር ውስጥ ተወዶ ሰው የሚለምነው አይደለም?» አለች። እውነቷን ነው። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አንድ ሺህ ሰው በዚያ መንገድ ያልፋል፣ ይረግጠዋል፣ ያንን አይጠይቅም። ሳጥን ሙሉ ይዛ መጣች፤ ከተፈችው፤ ጨው ነሰነሰችበት፤ ጣራው ቆርቆሮ ላይ አሰጣችው። የቆቦን ቆርቆሮ ታውቀዋለህ። በማግሥቱ ከሰል ሆነ፤ ዝገት ዝገትም ይላል። ቀጥላ ሸራ አንጥፋ ግቢው ውስጥ አሰጣች። በዚህኛው ሸጋ አድርጎ ደረቀ፤ ቀይ፣ እንደ ቆዳ የሚለጠጥ። ልትሰበስበው ማዳበሪያ ልታመጣ ስትገባ የጎረቤታችን ፍየሎች ገብተው እስኪጠግቡ በሉት። ጎረቤታችን ሮጣ መጥታ ይቅርታ መጠየቁን ትታ «ውይ፣ ወደዱት እኮ!» አለች። ሐያት አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ግን ምን እንዳለች ታውቃለህ? «እማ፣ ቢያንስ ጣዕሙ ጥሩ ነው ማለት ነው።»

ያን ቀን ከኪሳራ ውስጥም ትርፍ መፈለግ እንደምታውቅ ልብ አልኩ፤ አልነገርኳትም።

ከዚያ በኋላ እንጨት አጋጥማ ቆጥ ሠራች፤ ላዩ ላይ ሽቦ ወንፊት ወጠረች፤ አቧራና ዝንብ እንዳይደርስበት አጎበር አለበሰችው። የምኝታ አጎበር ነው የምልህ! አላፊ አግዳሚው «የሰይድ ልጅ ቲማቲም ታስተኛለች» እያለ ሳቀ። ባለፈው ረመዳን ቲማቲም ከገበያ ጠፍቶ ሳለ ለሾርባ የሚሆን በትናንሽ ላስቲክ እያሰረች ሸጠች። በሱሑር ሰዓት፣ ሌሊት ሳይቀር የሰፈሩ ሴቶች «ያንን ቀይ ነገር» እያሉ ልጅ ይልኩ ነበር። ወደ ዐቢይ ጾምም ተሻግሮ ጎረቤቶቻችን ለሽሮአቸው ወሰዱ። ያኔ ነው መጥታ እግሬ ሥር ቁጭ ያለችውና «እማ፣ እንግዲህ መርቂኝ» ያለችኝ።

አልመረቅኳትም።

ክፋት እንዳይመስልህ። የእናት ምርቃት ባዶ ቃል አይደለም፤ ዋስ መሆን ነው። የማላምንበትን ሸቀጥ «ጥሩ ነው» ብዬ ሸጬ አላውቅም፤ የማላምንበትን ሥራም «ይባረክ» ልል አልችልም። «ቆይ፣ ልይሽ» አልኳት። ከፋት። እኔ እምቢ ስላት የሰፈሩ እናቶች ለዱዓ የሚሰበሰቡበት ቤት ቴምር ይዛ ሄደች። «አዲስ ነገር ልጀምር ነውና መርቁኝ» አለቻቸው። እነሱስ? አንዲት ልጃገረድ ቴምር ይዛ መጥታ «አዲስ ነገር» ስትል ሌላ ምን ይገባቸዋል? «ባልሽ አንገትሽን አያስደፋሽ! ማህፀንሽ ይለምልም! መንታ መንታውን ያድልሽ!» እያሉ አወረዱት። እሷ አፍራ ማረም አቅቷት ለሁሉም «አሚን» ስትል አመሸች። ቤት ገብታ «እማ፣ ቲማቲሙ መንታ ሊወልድልኝ ነው» ስትለኝ ወላሂ እንዲያ ስቄ የማውቀው አንተ ሳለህ ነው። ግን ስቄም አልመረቅኳትም።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳላሳውቃት እመዝናታለሁ። ልጅን እንደ እህል ዘግነው አይተው፣ አሽተው፣ ጥርስ ላይ ሰብረው አይለዩትም። ግን እኔ ሌላ መለያ አላውቅም። ችኩል ናት፤ ያልጨረሰችውን ነገር ቀድማ ታወራለች። ኩሩ ናት፤ ዋጋ ለመጠየቅ ታፍራለች፤ ነጋዴ ደግሞ መጠየቅ ካፈረ አለቀለት። እነዚህ ያስፈሩኛል። በሌላ በኩል በበልጉ ዝናብ አንድ ጊዜ ሙሉ ቆጥ ሻገተባት። ተፈጭቶ ከበርበሬ ጋር ቢቀላቀል ማንም አይለየውም፤ እኔ ራሴ አልለየውም። ላዩ ላይ ቆማ አሸተተችው፣ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግማ አሸተተችው። «እማ፣ አባ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» አለችኝ። እኔ ሽንኩርቴን መላጥ ቀጠልኩ። እየተሳደበች፣ እየተራገመች፣ ከአጥር ጥግ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው። እንዲያ ስትራገም ሰምተሃት ቢሆን ትቆጣት ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ። ጨዋታ ቢሆንባት ኖሮ አትራገምም ነበር።

ስለ ድፍረት ሳስብ ሁልጊዜ የምትመጣብኝ አንተ ባዶ ሱቅ ከፍተህ የተቀመጥክበት ጊዜ ነው። ያ የጦርነቱ ክፉ ጊዜ አልፎ ከሸሸንበት ስንመለስ ሱቁ ውስጥ ከአቧራ በቀር ምንም አልቀረም። መደርደሪያው እንኳ ተወስዷል። እኔ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ እጄን ጉንጬ ላይ አደረግሁ። አንተ መጥረጊያ ፈልገህ ጠረግክ፤ ሁለቱንም የበር ክንፍ እስከ ግድግዳው ድረስ ከፈትክ፤ ደፉ ላይ ድንጋይ አስቀምጠህ ተቀመጥክ። በማግሥቱም እንዲሁ። በሳልስቱም። ሰው ሲያልፍ ሰላም ትላለህ፤ ስለ ቤተሰቡ ትጠይቃለህ፤ ማን እንደተመለሰ፣ ማን እንዳልተመለሰ ትሰማለህ። «ምን ልትሸጥ ነው የከፈትከው?» ስልህ «በሩን ያየ ሰው ሱቁ እንዳለ ያውቃል» አልከኝ። አበድክ ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ የዋጃ ገበሬ ማሽላ በአህያ ጭኖ መጣ። «ገበያው ሁሉ ዝግ ነው፤ ክፍት ያገኘሁት ያንተን ብቻ ነው። ሽጥልኝ» አለ። ሱቃችን እንደገና የተነሳው በዚያች አህያ ጭነት ነው።

ያ ድፍረት ነበር? እኔ እንጃ። የሚያስፈራ ነገር አልሠራህም፤ ጠርገህ ቁጭ ነው ያልከው። አሠልጣኙ ያንን ምን ብሎ እንደሚጠራው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሲስቁብህ መቀመጥ፣ ባዶውን መጠበቅ፣ የሚያልፈውን ሰው ስም አለመርሳት። ስም የለውም መሰለኝ።

ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። ዘንቢሌን አንስቼ ወደ ቲማቲም ተራ ልውጣ። የምገዛው ነገር የለኝም፤ መቀመጥ ግን አልቻልኩም።

ተመልሻለሁ። እየሳቅሁ ነው የምጽፍልህ።

ሐያት ተራው ውስጥ ነበረች። እኔን አላየችኝም፤ ከሽንኩርት ጆንያ ክምር ጀርባ ነበርኩ። ወርቄን ታውቃታለህ፣ ያችን ድምፀ ትልቋን የጎብዬ ቲማቲም ሻጭ። ሐያት ለነገ የምትከትፈውን እየመረጠች ሳለ ወርቄ ተራው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ጀመረቻት። «አንቺ ምሩቅ! ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ቲማቲም መክተፍ ነው እንዴ? እኔ ሳልማርም እከትፍ የለ?» ሴቶቹ ሁሉ ተንከተከቱ። አንዷ ከወዲያ «ተዪአት፣ ለማስተርሷ ድንች ልትልጥ ነው!» አለች።

ኩራቷን አውቀዋለሁ፤ ቅርጫቷን ወርውራ ትሄዳለች፣ ወይም ታለቅሳለች፣ ወይም የማይመለስ ቃል ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ወጥቼ ላስጥላት አንድ እግሬን አንስቼም ነበር።

ሐያት ቀና አለች። ፊቷ ቀልቷል። ከዚያ ባዶውን ቅርጫቷን ወርቄ አፍንጫ ሥር ዘረጋችና «ወርቄ፣ ያስተማሩኝስ መርቀውኝ ነበር፤ ግን ባዶ እጄን ነው የላኩኝ። እስቲ አንቺ መርቂልኝ!» አለቻት።

ተራው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፣ ሰይድዬ። ወርቄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በሁለት እጇ ቲማቲሙን እየዛቀች ቅርጫቱ ውስጥ ጨመረችላት። «እንኪ! ይሄው ዲግሪሽ!» ድንች ትልጣለች ያለችውም ከራሷ ክምር አንስታ ጣለችበት። ሐያትም ዝም ብላ አልወሰደችም። ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ እጇን ዘርግታ «እጃችሁ አይንጠፍ፣ ገበያችሁ ይድራ» ብላ መረቀቻቸው። እነዚያ ሲስቁባት የነበሩ ሴቶች «አሜን፣ አሜን» አሉ።

እኔ ጆንያው ላይ ተደግፌ ቀረሁ። ያንን ማንም አላስተማራትም። አንተ ጣሳውን ደልድለህ እጅህን አጥፈህ ስትጠብቅ ከሱቁ ጥግ የቤት ሥራዋን የምትሠራ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ እኛ ትማራለች ያልነው ከደብተሯ ነበር። ኩራቷን እንዳለ ይዛ ስድቡን ወደ ምራቂ ለወጠችው። ይህን እኔ እንኳ አልችልም። እኔ ብሆን መልስ እመልስ ነበር፤ አሸንፍም ነበር፤ ቅርጫቴ ግን ባዶውን ይገባ ነበር።

ከዚህ በኋላ የጻፍኩት በማግሥቱ ነው።

የወልድያው ነጋዴ ገበያው ሳይሞቅ መጣ። «ይለፈኝ» አልኩት። «እትዬ፣ ያስቡበት እንጂ፣ ይጸጸቱበታል» አለኝ። «አስቤበት ነው፤ እጸጸትም ይሆናል» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ገና እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ቆጡን አይቶ «ይህ ቀይ ነገር ምንድን ነው?» አለ። ሐያት አቀመሰችው። ፊቱን አጨማዶ «ጨው በዝቶበታል» አላት። ይከፋታል ስል «በጣም ነው ወይስ በመጠኑ? ሾርባ ውስጥ ቢገባስ?» እያለች ተከትላው እስከ ኒሟ ሄደች። ዋጋ መጠየቅ የምታፍረው ልጅ። እንግዲህ መጠየቅም ትማራለች ማለት ነው።

ስትመለስ አስቀመጥኳት። እንደ እናት ሳይሆን እንደ አከራይ ነው የተናገርኩት፤ አንተ ብትሰማኝ ትስቅብኝ ነበር። መጋዘኑን ትወስጃለሽ፤ ግን በነጻ አይደለም፤ ለሰውዬው የምሰጠውን ቦታ ነው የምሰጥሽ፤ ኪራይ ትከፍያለሽ አልኳት። እስከ መጪው ረመዳን ሥራው ራሱን ካልቻለ ያለ ጭቅጭቅ ትለቂያለሽ። የሻገተ ነገር በዚያ በር አይወጣም። ያልተሸጠውን እንደ ተሸጠ አታወሪም። የአባትሽ ጆንያ ማስቀመጫ ርብራብ እንዳለ ይቆያል፤ ቲማቲምሽንም ከመሬት ያነሳልሻል። ሌላ ብዙ አልኳት። ነገሬን እንደ ጣሳ እስከ አፉ ሞልቼ በመዳፌ ደለደልኩት፤ አንዲት ፍሬ አልበዛችም፣ አንዲት ፍሬ አልጎደለችም።

ሐያት ሁሉንም ሰማች። በሁሉም ተስማማች። ከዚያ አንገቷን ሰበር አድርጋ አየችኝና «እማ፣ መርቂልኝ እንጂ» አለች።

ሰይድዬ፣ ምርቃቱን ይሁን ምራቂውን፣ የትኛውን እንደጠየቀችኝ አላወቅኩም። እሷም ያወቀች አይመስለኝም። እጄን እንደ ነጋዴ እንዳጠፍኩ ነበር፤ ተፈታ። ሁለቱንም መዳፌን ዘረጋሁ። «እጅሽ የነካው ይባረክ። የገዛሽ ይመለስ፣ የተመለሰ አይጣሽ። የምትሄጂበት መንገድ አይዘጋ። የሚስቅብሽ ደንበኛ ይሁንሽ። ፍየል ደጅሽን አይርገጥ!» አልኳት። «አሚን» እያለች አለቀሰች፤ ፍየሉ ላይ ስትደርስ እያለቀሰች ሳቀች። ያንተም አሚን የጎደለ አልመሰለኝም።

ልቤ አሁንም አልተቀመጠም። ዛሬም መጋዘኑን ከፍቼ አይቻለሁ፤ ግን ዛሬ ውስጡ ሰው አለ፤ ትጠርጋለች። ሁለቱንም የበር ክንፍ እስከ ግድግዳው ድረስ ከፍታዋለች። ማን እንደነገራት አላውቅም።

አንተን ሰው እንዴት ያስታውስሃል ብዬ ስጨነቅ ነበር። ፎቶ ይደበዝዛል፤ ኮፍያውን ብል ይበላዋል። አሁን ግን እንዴት እንደማስታውስህ አውቄያለሁ፤ ቃሌም ይህ ነው። በዚህ ሱቅ እኔ እስካለሁ ድረስ፣ ሚዛኑ ምንም ይበል ምን፣ ሰፍሬ ስጨርስ እጄን አጥፌ እጠብቃለሁ። «መርቂልኝ» ሲሉኝ «መጀመሪያ ሰይድን መርቁልኝ» እላቸዋለሁ። ያንተን ምርቃት ተቀብዬ ነው እፍኙን የማፈሰው።

አንዲት የዋጃ ሴት ደፉ ላይ ቆማለች፤ ማሽላ ነው የምትፈልገው። ጣሳው እጄ ላይ ነው። ልሂድ፤ እየጠበቀችን ነው።

ዘሃራህ